ማስታወቂያውን ማን ጻፈው?

ልደታ፣ ኅዳር 6 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አብዱራህማን ሙስጠፋ፣
ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ልጅዎን ነስሪንንም ከዚያ ሙቀት ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ምንም አልሆነችም። ሰላምታዬን አስቀድመሽ ጻፊ ብላ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ጽፌያለሁ። አሁን ወደ ጓዳ ስለገባች ዋናውን ነገር ልንገርዎ። መጽሐፍ ጽፌያለሁ።

አይሳቁብኝ። ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ነው፤ ሁለት ደብተር ሙሉ።

እዚህ የመጣውን ነገር ቢያዩ ይገረማሉ። የፕሬስ ነፃነት አዋጁ ከወጣ ወዲህ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ጋዜጣና መጽሔት መሬት ላይ እንደ ሎሚ ተዘርግቶ ነው የሚሸጠው። አንዱን ገዝቼ ሳልጨርስ ሌላው ይወጣል፤ ደሞዜ እዚያው አስፋልት ላይ ቀረ። ሳንሱር ቀረ ማለት እኮ ነው፤ ሰው ያሰበውን ጽፎ ሊያሳትም ነው። ታዲያ ሁሉም ለትልልቆች ሲጽፍ ለእኔ ለአራተኛ ቢ ልጆች ማን ይጻፍላቸው? ትልልቆቹማ ያዩትን አይተዋል። እነዚህ ግን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ የሚያስታውሱት እንደ ቀልድ ነው። ነገ ሌላ ሰው ፈገግ እያለ መጥቶ አፋቸውን ቢያሲዛቸው በምን ያውቁታል?

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ከተማ ላይ አዲስ ሹም ይመጣል። መጻፍ አይችልም፣ መሥራት አይወድም፣ የሚወደው እንቅልፍ ነው። ስለዚህ የከተማዋ አውራ ዶሮዎች በሙሉ እንዳይጮኹ ያዛል፤ መጮኽ የሚችለው የእሱ ዶሮ ብቻ ነው። የእሱ ዶሮ ደግሞ የሚጮኸው ሹሙ እንቅልፉን ሲጠግብ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ እንኳ ገና አልነጋም ይባላል። ሱቅ አይከፈትም፣ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ሰዉ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንደምን አመሸህ» ይባባላል።

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ሸዋንግዛው የሚባሉ ሽማግሌ ትንሽ ማተሚያ ቤት አላቸው። የሠርግ ካርድና ደረሰኝ ነው የሚያትሙት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ በእጃቸው እየለቀሙ። የልጆች መጽሐፍ ስላቸው ዓይናቸው በራ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካመጣሽልኝ ለወላጆች በዓል አደርስልሻለሁ ብለዋል። በዓሉ ሰኔ 26 ነው። አርባ ሦስቱም ተማሪዎቼ መጽሐፉን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ከአሁኑ ይታየኛል።

ደብተሮቹን እትዬ ማናለብሽ ለንግድ በባቡር ሲመጡ ይዘውልዎት ይመጣሉ። ከቤተሰባችን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ መዝገብ ቤትም ሲሠሩ የኖሩት ከወረቀት ጋር ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። አንብበው ሳይራሩ ይንገሩኝ። እናቴ ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው ብለሽ ጠይቂ እያለች ከጓዳ ትጮኻለች።

የወንድምዎ ልጅ
ሙፊዳ ሳኒ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 29 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለሙፊዳ ሳኒ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ እጅሽን ይባርክ፤ የእናትሽን ጉልበት ያበርታ፤ ወንድሜን ሳኒን ይማረው። እኔና ነስሪን ለክብሩ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን።

ማናለብሽ ደብተሮቹን የሰጠችኝ ወደብ ድረስ መጥታ ነው። ሁለት መርከብ እየተራገፈ፣ የትራንዚት ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ፣ አለቃዬ ፈረንሳይኛውን እያወረደብኝ እኔ ከሥር ያንቺን ደብተር ዘርግቼ አነብ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በጠራራ ፀሐይ እንደምን አመሸህ የተባባሉት ቦታ ላይ ብቻዬን ስስቅ የመጋዘኑ ሰዎች ሙቀቱ ነካው ብለው ውሃ አመጡልኝ። ስንት ዓመት እንዲህ ተደስቼ እንደማላውቅ ልነግርሽ አልችልም።

ሳይራሩ ብለሻልና እነሆ። ሹምሽ ጥርሱ የገጠጠ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሲራመድ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ልጆች ከሩቅ አይተው ይሸሹታል፤ ሸሽተውት ምን ይማራሉ? መልከ መልካም አድርጊው። የሕፃናትን ጉንጭ ይቆንጥጥ፣ ከረሜላ ያድል። የመጀመሪያው ማስታወቂያም ሰዉ የሚወደው ይሁን፤ «ሕዝባችን በእንቅልፍ እጦት ስለተጎዳ ዶሮዎች በሌሊት እንዳይጮኹ» ይበል። ማን ይጠላዋል? የጎረቤት ዶሮ ያስቸገረው ሁሉ ያጨበጭባል። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሰዓቱን ትንሽ ይግፋው። ሦስተኛው ደግሞ ትንሽ። አንዱም ብቻውን ሲታይ የሚያስቆጣ አይሁን።

ከሁሉ የበለጠው ግን ይህ ነው። አንቺ ጋ ሰዎቹ ዶሯቸውን ዝም የሚያሰኙት ወታደር ሲመጣባቸው ነው። እንደሱ አይደለም። ማስታወቂያው ሳይወጣ ራሳቸው ዝም ያሰኙታል። አንዱ ነገ ይከለከል ይሆናል ብሎ ዛሬ የዶሮውን መንቁር በክር ያስራል። ሌላው ዶሮ ኖሮኝ አያውቅም ይላል። ይህን ካልጻፍሽ ልጆቹ የሚፈሩት ሹሙን ብቻ ይሆናል፤ ሊፈሩት የሚገባው ግን ያንን ክር ነው። እሱን በደንብ ጻፊው፤ ቀለሙን፣ ርዝመቱን፣ ከየት ጨርቅ እንደተመዘዘ ሳይቀር።

አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። ጋዜጦቹንም ጨምሪልኝ፣ የትኛውም ይሁን። ስለ መምጣቱ ወደፊት እናያለን።

አጎትሽ
አብዱራህማን


ልደታ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ አብዱራህማን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ያነበቡበትን ዓይን ያብራልኝ፤ ከዚህ በላይ ምርቃት ለእርስዎ አላውቅም። እናቴም ነስሪንም ሁሉም ሰላም ይሁኑ።

ጋሼ፣ ከየት አመጡት? እኔ ሁለት ደብተር ስሞላ ያልታየኝ በአንድ ወረቀት አሳዩኝ። ሙሉውን እንደገና ጻፍኩት። ሹሙን እንዳሉኝ መልከ መልካም አደረግሁት፤ ሚስት አላገባም ወይ ብላ እናቴ እስክትጠይቀኝ ድረስ። ዓርብ ዕለት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ሹሙ ከረሜላ ሲያድል «ጥሩ ሰውዬ ነው» አሉ። በሁለተኛው ማስታወቂያ ጊዜም እንደዚያው። ክሩ ላይ ስደርስ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አርባ ሦስት ልጅ ጸጥ ሲል እርስዎ ሰምተው አያውቁም፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት እንዳለች የምትባለው ተማሪዬ ሁለት እጇን በክር አስራ ገባች። ሒሳብ እያስተማርኩ ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ እሷ ዝም። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ቲቸር፣ ነገ መመለስ ይከለከል ይሆናል ብዬ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍተው ምንድን ነው ሲሉ እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ነበር። አሁን በዕረፍት ሰዓት ጨዋታቸው ሁሉ ይኸው ነው፤ አንዱ ሹም ይሆናል፣ ሌሎቹ ዶሮ፣ እና በየቀኑ ማን ቀድሞ እንደሚጮኽ ይወራረዳሉ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ሔኖክ የሚባል፣ የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ልጅ አለ፤ ነገር ሳይጨርስ የማይለቅ። እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሹሙ መጻፍ አይችልም ብለው አንብበውልናል። ታዲያ ማስታወቂያውን ማን ጻፈው?» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ። አሁን ሁሉም ይጠይቁኛል፤ በር ላይ ጠብቀው ይጠይቁኛል። እርስዎ ሁሉንም ያዩ ስለሆነ ይህንንም ያውቁታል። ማን ጻፈው? ምን ዓይነት ሰው ነው? አዲሱን ደብተር ከጋዜጦቹ ጋር ልኬያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ
ሙፊዳ


ጅቡቲ፣ የካቲት 2 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለሙፊዳ ሳኒ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። የዘገየሁት ሥራ በዝቶ ነው፤ ለመጪው ረመዳን የሚገባው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የደረሰው። ዓሣው ዘንድሮ ርካሽ ነው። ነስሪን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። የቤታችሁ ጣሪያ ከሰሜን በኩል ያፈስ ነበር፤ ክረምቱ ሳይመጣ ለእናትሽ አስታውሺያት።

ደብተሩን አንብቤ፣ ፊደል የተሳሳተበትን አርሜ በማናለብሽ እጅ ልኬልሻለሁ። ክሩ ጥሩ ሆኗል። የልጁን ጥያቄ በተመለከተ፣ «ማስታወቂያ ተለጠፈ» ብለሽ እለፊው። ልጆች ይረሱታል። ለተማሪዎችሽ ባለቀለም እርሳስ ጨምሬያለሁ።

ለመምጣቱ ዘንድሮ የሚሆንልኝ አይመስለኝም።

አብዱራህማን


ልደታ፣ የካቲት 21 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለጋሼ አብዱራህማን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝዎት፤ እርሳሱ ደርሷል፣ ልጆቹ ያመሰግናሉ።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎ። ደብተሩ እንደደረሰኝ ይዤ እየሮጥኩ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ሳቁ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ መሳቅ አቆሙ፤ ከዚያ ማንበቡንም ትተው ገጹን ብቻ ይገልጡ ጀመር። ዓይናቸው ከታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ ነው።

«ይህን ማን ነው የፈረመበት?» አሉኝ።

ያን ጊዜ እኔም አየሁት። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ፊርማ አለች፤ «አ» ሆና ጅራቷ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘች፣ ከሥሯ ነጥብ ያላት። እርማት የሌለበት ገጽ ላይ እንኳ አለች።

«አጎቴ ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ ምልክት ያደረጉ ይሆናል፤ መዝገብ ቤት ይሠሩ ስለነበር» አልኳቸው።

«መዝገብ ቤት?» አሉ። ደብተሩን ዘግተው ወደ እኔ ገፉት። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ፤ ደክሟቸው ነበር። ከዚያ ነገሩኝ። በ1971 መምህር ሳሉ ለልጆች ተረት ጽፈው ነበር። ሰልፍ ስለሚወዱ ጉንዳኖች ነው፤ የፊተኛው መንገድ ጠፍቶበት በድስት አፍ ዙሪያ ሲዞር የኋለኞቹ መፈክር እያሰሙ ይከተሉታል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዞረው ወደፊት ሄድን ይላሉ። ለፈቃድ ሁለት ቅጂ አስገቡ። የተመለሰላቸው በየገጹ ይህች ፊርማ፣ በመጨረሻው ገጽ «አይፈቀድም» የሚል ማኅተም ያለበት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ከማስተማር ሥራቸው ተነሱ። «ያን አቃጥዬ የሌላ ሰው ፊደል መልቀም ጀመርኩ» አሉኝ። «ፊርማዋን ግን እስክሞት አልረሳትም። አርባ ስድስት ገጽ ላይ አይቻታለሁ።»

ጋሼ፣ እኔ ምን ብዬ እንደወጣሁ አላውቅም። ሰንጋ ተራ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ ከመሥሪያ ቤትዎ በአንድ ገጹ የተጻፈበት ወረቀት ያመጡልኝ ነበር፤ በጀርባው ጻፊበት እያሉ። መጻፍ የተማርኩት በዚያ ወረቀት ጀርባ ነው። በፊቱ ላይ ምን ነበር የተጻፈው?

እናደዳለሁ፣ ደግሞም እወድዎታለሁ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ሥራዎ ምን ነበር? ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሙፊዳ


ልደታ፣ መጋቢት 25 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለጋሼ አብዱራህማን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒዱ በሰላም አልፎልዎት እንደሆነ ተስፋ አለኝ። መልስ አልመጣም። እትዬ ማናለብሽ ሁለት ጊዜ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ደህና ነው፣ ሰላም ብሏል ብቻ አሉኝ። እናቴ ምን አስቀየምሽው ትለኛለች።

ትናንት ጋሽ ሸዋንግዛው ራሳቸው አስጠሩኝ። ያትማሉ። ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። የሔኖክን ጥያቄ ነግሬያቸው ነበር፤ «ያ የልብስ ሰፊ ልጅ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው» አሉኝ። «እኔ እሱን የማይመልስ መጽሐፍ በእጄ አልለቅምም። ማስታወቂያ ተለጠፈ የሚል መጽሐፍ ድሮም ሞልቶ ነበር።» እኔ ልጽፈው ሞከርኩ፤ አራት ጊዜ። ሰውየው በእኔ እጅ ወይ ሰይጣን ይሆናል ወይ የሚያሳዝን ምስኪን፤ ልጆቹ ሁለቱንም አላመኑኝም። እንዳለች «ይሄ ሰው የለም» አለችኝ ቁርጥ አድርጋ።

እኔ አላውቀውም ጋሼ። የሚያውቀው እርስዎ ነዎት። እስከ ግንቦት መጨረሻ ምዕራፉ ከሌለ መጽሐፉ የለም። እባክዎ።

ሙፊዳ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙፊዳ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም ከቻልሽ። ሰባት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይህን ሳላነበው ነው የማሽገው፣ ካነበብኩት መሰረዝ እጀምራለሁ።

የሠራሁት መዝገብ ቤት አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ስማችን አንባቢ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሊታተም የመጣውን ሁሉ አነበብኩ። ልብ ወለዱን፣ ግጥሙን፣ የልጆቹን ተረት። ያልተፈረመበት ገጽ ከወጣ የሚጠየቀው አንባቢው ስለነበር ገጽ በጨረስኩ ቁጥር እጄ ወደ ጥግ ይሄዳል። ያንቺንም ደብተር መፈረሜን አላወቅሁም። ደብዳቤሽን ሳነብ እጄን አየሁት፤ ሌላ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

የወረቀቱን ነገር ጠይቀሻል። አዎ፣ ያልተፈቀዱት ነበሩ። ለማቃጠል ከተለዩት መካከል ንጹሑን ጀርባ እየመረጥኩ አመጣልሽ ነበር፤ ልጅቷ ትጻፍበት፣ ከሚቃጠል ይሻላል ብዬ። መልካም ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ጉንዳኖቹንም አስታውሳቸዋለሁ። ይህን ሰውዬው ማወቅ አለበት። አርባ ስድስቱን ገጽ በአንድ ቁጭታ አነበብኩ፤ መፈክሩ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ሳቄ ሲያልቅ እንዲህ አልኩ፦ እኔን ይህን ያህል ካሳቀኝ ልጆችን እንዴት ያስቃቸው ይሆን? ማኅተሙን ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደካማ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አሳልፈው ነበር። ማንም አላስገደደኝም፣ አለቃዬ አላየውም፤ ነገ ይጠይቁኝ ይሆናል ብዬ ነው ዛሬ ያደረግሁት። ክሩን ከየት አመጡት ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።

የማልመጣውም ለዚህ ነው። ሜክሲኮ ላይ ጋዜጣ እንደ ሎሚ ተዘርግቷል ስትዪኝ በደስታ ልቤ ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ከሻጮቹ መሐል የማውቀው ሰው ይኖራል ብዬ ፈራሁ።

ምዕራፉ ከዚህ ጋር ነው። በሦስት ቀን ጻፍኩት፤ ስጽፍ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ምግብ ረሳሁ፣ ነስሪን አባዬ ፍቅር ያዘህ እንዴ አለችኝ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ሹሙ መጻፍ አይችልም ነበር። ማስታወቂያውን የሚጽፍለት በከተማዋ እጅግ ያማረ የእጅ ጽሑፍ ያለው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ለጎረቤት ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ሲጽፍ ሁልጊዜ ለራሱ እንዲህ ይላል፦ እኔ ባልጽፈው ሌላው ይጽፈዋል፤ ሌላው ደግሞ ፊደሉን ያበላሸዋል። አንድ ቀን በመስኮቱ የአንዲት አጣቢ ሴት ዶሮ ሲጮኽ ሰማ። ጩኸቱ እጅግ ስላማረ ልቡ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ብዕሩን አነሳና ከሚከለከሉት ዶሮዎች ሁሉ መጀመሪያ የዚያን ዶሮ ስም ጻፈ።»

በምዕራፉ መጨረሻ ሹሙ ከወደቀ በኋላ ጸሐፊው ከከተማዋ ይሸሻል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ እሱን ባዶ ትቼዋለሁ። ማን እንደጻፈው ለልጆቹ አትንገሪ። ስሜም መጽሐፉ ላይ አይውጣ። ይህን ብቻ እለምንሻለሁ።

አጎትሽ
አብዱራህማን


ልደታ፣ ግንቦት 9 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ አብዱራህማን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ እውነት የጻፈችውን እጅ አይንሳኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ፣ ምዕራፉን አንብቤ ደግሞ ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞርኩት። እናቴ ምንድን ነው ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። «ያን ወረቀት እኔም እሳት ለኩሼበታለሁ» አለች።

በማግስቱ ጌጃ ሰፈር ወሰድኩት። ደብዳቤውንም ጭምር፤ ሰውዬው ማወቅ አለበት ስላሉኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ቆመው አነበቡት። ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ስለ ሳቁ የጻፉት ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አውርደው ግድግዳውን አዩ። «ሳቀ?» አሉኝ። «አዎ፣ በሩን ዘግተው» አልኳቸው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተረቱ መጥፎ ስለነበር የተጣለ እየመሰላቸው ኖረዋል፤ ፖለቲካው ሰበብ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ምዕራፉን አነበቡና «በደንብ ተጽፏል። በደንብ መጻፉ ነው የበለጠ ያናደደኝ» አሉ። እዚያው የፊደል ሳጥናቸውን ስበው መልቀም ጀመሩ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ «ሹሙ» የሚለው ቃል በብረት ሲደረደር አየሁ። ጋሼ፣ መጽሐፉ ሊወለድ ነው።

አሁን ደግሞ የልጆቹን ይስሙ። ዓርብ አነበብኩላቸው፣ ማን እንደጻፈው ሳልነግር። እንዳለች «ይሄኛው ሰው አለ» አለች። ሔኖክ ጉንጩን በሁለት እጁ ደግፎ ይሰማ ነበር። መጨረሻው ባዶ ነው ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። ጸሐፊው ወደ ከተማዋ ይመለስ ወይስ አይመለስ? ገሚሱ ይመለስ፣ ገሚሱ አይመለስ እያለ ጠረጴዛ መደብደብ ሲጀምሩ ድምፅ ስጡ አልኳቸው። ወረቀት ቆራርጠን፣ የጠመኔውን ካርቶን ሳጥን አድርገን፣ እያንዳንዱ ተደብቆ ጻፈ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ሠላሳ ዘጠነኛው ወረቀት ሲቆጠር ቆጣሪዎቹ ላብ በላብ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ልጅ ይመለስ አለ። አሥራ ሁለቱ አይመለስ አሉ።

አሥራ ሁለቱን ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። ቂም የያዙ መስሎኝ ነበር። ሔኖክ ከእነሱ መሐል ነው፣ ተነስቶ መለሰልኝ። «ይመለስ ማለትማ ይመለስ ቲቸር፤ ግን እኛ ገና ምንም አልነገረንም። በወረቀትማ ድሮም ይጽፍ ነበር። መጥቶ በአፉ ይናገር።» ሌሎቹ አሥራ አንዱ «አዎ፣ በአፉ» አሉ።

ይህን የምጽፍልዎ ላስገድድዎ አይደለም። ስምዎ አልተጠቀሰም፣ አይጠቀስምም፤ ቃሌ ነው። የመጨረሻው ገጽ ግን ገና አልተለቀመም። ጋሽ ሸዋንግዛው ባዶውን ትቼልሻለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብለዋል።

የወንድምዎ ልጅ
ሙፊዳ ሳኒ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 19 ቀን 1985 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙፊዳ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ አርባ ሦስቱንም ያሳድግ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ነስሪንን ጎረቤት አደራ ብያለሁ። ለነስሪንም ሁሉንም ነገርኳት፤ ከእሷ ጀመርኩ። ልቤ እንዲህ ሲመታ ሙሽራ የሆንኩ ቀን እንኳ አላስታውስም። ፍርሃት ነው ወይስ ደስታ ብትዪኝ መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም ለካ እግር ያስነሳሉ።

ይህን ነገ የምትመለሰው ማናለብሽ ቀድማኝ ታደርስልሻለች፤ እኔ ቅዳሜ ባቡር ላይ ነኝ። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ጌጃ ሰፈር ነው የምሄደው፤ ወደ ቤት የምመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ እናትሽ ነፊሳ እንዳትቀየመኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው በር ላይ ቢያስቆሙኝ እቆማለሁ፤ ግባ ቢሉኝ የጉንዳኖቹን ተረት አርባ ስድስቱንም ገጽ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። አንድም መስመር አልጠፋኝም።

ስሜን መጽሐፉ ላይ አውጪው። ሙሉውን፤ አብዱራህማን ሙስጠፋ፣ አንባቢ።

ሰኞ ጠዋት ክፍልሽ እመጣለሁ። እንግዳ መጥቷል ብለሽ አታስተዋውቂኝ፤ ወንበርም አታቅርቢልኝ፣ ሰሌዳው አጠገብ እቆማለሁ። ልጆቹን «እሳቸውን አትጫኗቸው» ብለሽ አትቆጪ፤ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። አሥራ ሁለቱን ከፊት አስቀምጪልኝ።

አጎትሽ
አብዱራህማን